በሞኒተሩ ጥግ ያለችው ልጅ

ጎረቤቴ ሰኪና ጆሮዋ አይሰማም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እዚህ የካ አባዶ፣ ብሎካችን ውስጥ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚቀየመው በእሷ ነው። ደረጃው ላይ ከኋላዋ ሆኖ «እንደምን አደሩ» ይላታል፤ እሷ ዘወር ሳትል ትወርዳለች። ከዚያ የእኔን በር ያንኳኳል። «ያቺ ሴትዮ ምን በድያት ነው የምትዘጋኝ?» ይለኛል። «ምንም አልበደልካትም። ከፊቷ ቁምና ሰላም በላት፣ ከዚያ ትከሻህን ያዝ» እላለሁ። ቀልዴን አይደለም፤ ሰኪና ሰው ሰላም ስትል ትከሻ ልትነቅል ምንም አይቀራት።

እኔ ለተብርሃን እባላለሁ። ከሰኪና ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ኮንዶሚኒየም ሳይደርሰን በፊትም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነበርን። ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከአደባባዩ ገባ ብሎ፣ እኔ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት ነበረኝ፤ እሷ ከጀርባዬ ባለው ቅያስ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባሏ አብዱልናስር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታክሲ ሹፌር ነበር። ሲበዛ ወሬኛ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ከተሳፋሪ ጋር ሲያወራ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ በእጁ ይቀጥላል። በእጅ ማውራትን ያስተማረችው እሷ ናት።

ሰኪና የወሎ ልጅ ናት። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ያዛት፤ በሽታው ሲለቃት ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መጥታ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሚሰባሰቡበት ቦታ አንዲት ሴት እጇን ይዛ እስክትወስዳት ድረስ ሰው የሚነግራት ነገር ሁሉ «ውሃ ቅጂ፣ ብዪ፣ ተይ» ብቻ ነበር። ምልክት ቋንቋ የተማረች ሰሞን ሌሊት እንቅልፍ አልወስዳት ብሎ በጨለማ ለራሷ በእጇ ስታወራ ታድር እንደነበር ነግራኛለች። ስንት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ኖሯት!

አሁን ከብሎኩ ሥር ባለችው ሱቅ ትሰፋለች። አንዱን መዳፏን ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አታነሳም፤ ክር ሲበጠስ፣ መርፌ ሲዶለዱም በመዳፏ ታውቃለች። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማትችል ጣሪያውን በሳንቲም ትቆረቁራለች። አንድ ጊዜ ረዳቱ «መኪናውን ሰበሩት እኮ!» ብሎ ሲቆጣ ከንፈሩን አንብባ ሳንቲሙን ሰጠችውና ወረደች። ማሠሪያ መሆኑ ነው።

አንድ ልጅ አላት፤ ሳጂዳ። ሳጂዳ ትሰማለች። ከአፏ በፊት ግን በእጇ ነው አፍ የፈታችው። ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ የእናቷ ጆሮ ሆና አደገች፤ ገበያ፣ ክሊኒክ፣ ቀበሌ። ወላጅ ሲጠራ እንኳ የራሷን ክስ የምትተረጉመው ራሷ ነበረች። መምህሩ «ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ ትረብሻለች» ይላል፤ ሳጂዳ ወደ እናቷ ዞራ በእጇ «በጣም ጎበዝ ናት ይልሻል» ትላለች። ሰኪና የመምህሩን ፊት ታያለች፣ የልጇን ፊት ታያለች፣ ቤት ሲደርሱ ትቆነጥጣታለች።

ያቺ ልጅ አድጋ ይህንኑ ሥራዋ አደረገችው። ዩኒቨርሲቲ ተማረችው፣ ሃይደር የሚባል አስተማሪ አገባችና ሰሜን ወዳለች ከተማ ሄደች፣ እዚያ ካለ የቴሌቪዥን ጣቢያ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ተቀጠረች። ዜና ሲነበብ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ቆማ በእጇ የምታወራ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ ሳጂዳ ናት። እናንተ አላስተዋላችኋት ይሆናል። ሰኪና ግን ከእሷ ሌላ ዜናው ውስጥ ሰው መኖሩንም አታውቅ። በየቀኑ የሰባት ሰዓቱ ዜና ሲደርስ ሱቋን ትዘጋና ትወጣለች። እኔም ምሳዬን ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ማዳበሪያም ይሁን ስለ መንገድ ጥገና፣ ሰኪና ፊቷ እንደ ሙሽራ እናት ያበራል።

በፊት በፊት በስልክም ይተያዩ ነበር። ስልኩን ከጣሳ ጋር አስደግፈው ሁለቱ በእጃቸው ሲያወሩ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ ሳለ ጫጫታ የሰማሁ ይመስለኝ ነበር። ኋላ በዚያ በኩል ግጭት ተነሳና ሳጂዳ ባለችበት ከተማ ኢንተርኔት ጠፋ። ተራው ስልክ ብቻ ቀረ፤ እሱም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው። ተራ ስልክ ለሰኪና ምን ያደርግላታል? ስለዚህ መሀል የገባሁት እኔ ነኝ። ሳጂዳ በእኔ ባለ ቁልፍ ስልክ ትደውላለች። «እትዬ ለተብርሃን፣ እማ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ ይበሉልኝ» ትላለች። እኔም በተሰባበረ ምልክቴ «ደህና ናት» እላለሁ። ሰኪና ስልኩን እየገላመጠች እጄን ታያለች። አንድ ቀን «ሁልጊዜ ደህና ነኝ የሚል ሰው ታምኛለሽ?» አለችኝ። ለእሷ የቀረላት የጥጓ ሳጥን ብቻ ነበረች።

እሷም ሄደችባት። መብራት ጠፍቶ ዋለና ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ የእሷንም የእኔንም ቴሌቪዥን አቃጠለው። ግድግዳ የሚጋራ ሰው መከራም ይጋራል። ጠጋኙ ሁለቱንም አየና ከፍቶ እንኳ አልነካቸውም፤ «ስክሪናቸው አልቆለታል» ብሎ ሄደ። በዚያ ሰሞን አዲስ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም፤ ለሁለታችንም።

«ታዲያ ሌላ ጎረቤት ቤት አታይም?» የሚል ይኖራል። ሰባት ሰዓት እኮ የምሳ ሰዓት ነው! በምሳ ሰዓት ሰው ቤት ሄዶ መቀመጥ ማለት «አብሉኝ» ማለት ነው፤ እንግዳው ባይለውም ባለቤቶቹ «ብላ» ይላሉ። ሰኪና አንድ ቀን ሄዳ፣ የቤቱ ባለቤት በግድ ስታጎርሳት እጇ ስክሪኑን እየጋረደባት ተመለሰች፤ ሁለተኛ አልሄደችም። የጣቢያውን ዜና ከዚህ ሆነው በኢንተርኔት የሚለቁ አሉ ቢሉን የሰኪናን ስልክ ከፈትነው። ያቺ ጥግ በስልክ ላይ የምስር ፍሬ ታክላለች። ሰኪና ስልኩን ከዓይኗ እያስጠጋች እያራቀች ቆየችና ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ሱቋን በሰባት ሰዓት መዝጋት ተወች። መስፋቷን አላቋረጠችም፤ ግን ሰዓቱ ሲደርስ እግሯ ከፔዳሉ ላይ ይቆማል።

ያን ጊዜ ነው ሞኒተሬ ትዝ ያለኝ። ሃያ ሁለት የነበረው ቤቴ ሲፈርስ ኮምፒውተሮቼን ሁሉ አስወግጄ አንድ ሞኒተር ብቻ አስቀርቼ ነበር። በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ኖረ። ለምን እንዳስቀረሁት አላውቅም፤ የዕቃ ሆዳም ነኝ። ከድሮዎቹ፣ ወርዱና ቁመቱ ተቀራራቢ ሆኖ አራት ማዕዘን ከሆኑት ነው። ወልውዬ ሰኪና ቤት ወሰድኩትና ዲሽ የሚያስተካክለውን ሱፍያንን አስጠራሁ።

ሱፍያን ሙያውን የሚወድ ሰው ነው፤ ሲበዛ ይወዳል። ሞኒተሩን አገላብጦ አየና «ማዘር፣ ይሄ ቲቪ አይደለም እኮ» አለኝ።

«ምን ጎደለው? ስክሪን አይደለም እንዴ?»

«ስክሪን ነው። ግን ኤችዲኤምአይ የለውም። ይሄ ሰማያዊው መሰኪያ ቪጂኤ ነው፣ የድሮ። ሪሲቨሩ ደግሞ በአዲሱ ነው የሚያወጣው። መሀላቸው የሚያስማማ ኮንቨርተር ይገባል።»

«ይግባ።»

መገናኛ ሄዶ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ነገር ይዞ መጣ። በአንድ በኩል ከሪሲቨሩ፣ በሌላ በኩል ከሞኒተሩ ጋር አገናኛት። ሞኒተሩ ጥቂት አሰበና በራ፤ ሰው መጣ፣ ቀለም መጣ። እኔ እልል ልል አፌን ከፍቼ ሳለ የጎደለውን አስተዋልኩ።

«ድምፁስ?»

«የኮምፒውተር ስክሪን ስለሆነ ስፒከር የለውም።»

«ታዲያ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ምን ሊባል ነው? አስተካክለው እንጂ!»

ሱፍያን ይህን እንደ ስድብ ወሰደው። አጥፍቶ ነቃቀለውና ሄደ። በማግስቱ ትንሽ ስፒከር ይዞ መጣ፤ ያቃስታል እንጂ አይናገርም። ቀጥሎ ገመዱ ነው ጥፋተኛው አለና ገመድ ሊያመጣ ሄደ። ከዚያ ቀዳዳው ነው አለ። ሰኪና ሰባት ሰዓት ሲሆን እየወጣች ብቅ ትላለች። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ሽቦና የሁለታችንን የተኮሳተረ ፊት ታይና «ገና ነው» ብላ ደምድማ ትወርዳለች። እኔም በእጄ «ገና ነው» እላታለሁ። እየተሠራ ሳለ ስክሪኑ ጠፍቶ ስለሚሆን ምስል መኖሩን በምን ትወቀው?

አንድ ቀን ግን በርቶ ሳለ ደረሰች። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጆሮዬን ከስፒከሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ሱፍያን ሽቦ በጥርሱ ይዟል። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ዜና እያነበበ ነው። ትከሻዬን አንድ ጊዜ ስትደቃኝ ልቤ ወደቀ።

«ይሠራል!» አለች በእጇ።

«አይሠራም» አልኳት። ጆሮዬን አሳየኋት፣ እጄን አወዛወዝኩ። «ድምፅ የለውም።»

ሰኪና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ደግሞ ሱፍያንን አየችው። ከዚያ ሳቀች። የሰኪና ሳቅ ራሷ ስለማትሰማው ልክ የለውም፤ ከታች ሱቆች ሰው ቀና ብሎ ያያል። ሱፍያን ሽቦውን ከጥርሱ አወጣ።

«ማዘር፣ ይሄን ሁሉ ቀን ድምፅ የምንፈልገው ለማን ነው?»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። ሦስታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እኔ ግን ሳቁ ሲበርድልኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። ትግራይ ስልክ በተዘጋበት ጊዜ የእናቴን ድምፅ ሳልሰማ ስንት ወራት አለፉ። ፎቶዋ ግድግዳዬ ላይ ነበር፤ ፎቶዋ ምንም አላደረገልኝም። የምፈልገው ድምጿን ነበር። መስመሩ የተከፈተ ቀን «ሃሎ» ስትል ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች አላስታውስም፤ «ሃሎ» ብቻ በቃኝ። ናፍቆት ለእኔ በጆሮ የሚገባ ነገር ነው። ለሰኪናም እንደዚያው መስሎኝ ኖሯል።

ድምፁን ተውነው። ሌላ ችግር ግን ወዲያው ታየ። የዘንድሮ ቴሌቪዥን ጎኑ ሰፊ ነው፤ የእኔ ሞኒተር አራት ማዕዘን። ዜናው መሀሉ ገብቶ ዳርና ዳሩ ተቆርጧል። ሳጂዳ ያለችው ደግሞ ዳር ላይ ነው። የሚታየው አንድ እጇና ግማሽ ፊቷ ነበር። ሰኪና ተጠጋችና ቀሪዋን የምታገኛት ይመስል የሞኒተሩን ጠርዝ በጣቷ ነካካች። «ግማሽ ልጅ» አለችኝ። በአንድ እጅ ማን ይናገራል?

ሱፍያን ይህን ጊዜ የእውነት ሙያውን አሳየ። ሪሞቱን ይዞ ሴቲንግ ውስጥ ገባና ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ አንዱን ሲጫነው ሰፊው ምስል ተጨምቆ በአራት ማዕዘኑ ውስጥ ገባ። ሳጂዳ ሙሉዋን መጣች። መጨመቁ ግን ሰውን ሁሉ አቅጥኖታል። ዜና አንባቢው እንደ ሸንበቆ ረዘመ፤ ስብሰባ ላይ የተቀመጡት ባለሥልጣናት ሁሉ ጾም የያዙ መሰሉ። «ኖርማል ነው፣ ይለምዱታል» አለ ሱፍያን። ሰኪና ሌላውን ሁሉ ትታ ልጇን ታይ ነበር። ዜናው ሲያልቅ ሳጂዳ «ደህና ዋሉ» ስትል ሰኪናም መልሳ «ደህና ዋይ» አለቻት፤ ቤቱ ውስጥ እንዳለች ሁሉ።

ሁለት ቀን እንዲህ በደስታ አለፈ። በሦስተኛው ሰኪና ፈገግታዋን አጠፋች። ወደ ሞኒተሩ ተጠግታ ተቀመጠች። በማግስቱም ተጠግታ ተቀመጠች። እኔ የልጇን ፊት የምታይ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ጣቶቿን ነበር የምታየው። ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ሲገባ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ ነፍሰ ጡር ናት» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እጇ። ጣቶቿ አብጠዋል። ቀለበቷን አውልቃለች።»

«ተይ እስቲ፣ ይሄ ሞኒተር ሰው ያበላሻል» አልኳት። ሳጥኗ ሳጂዳን ከደረቷ በላይ ብቻ ነው የምታሳየው፤ ሆድ የሚባል ነገር አይታይም።

ሰኪና በንቀት አየችኝ። «ይሄ ሞኒተር ሁሉንም ሰው ያቀጥናል። ዜና አንባቢው እንጨት ሆኗል። ልጄ ብቻ ለምን ወፈረች?»

በዚህም አልጨረሰችም። ሳጂዳ ክርኗን ከጎኗ አርቃ እንደምትይዝ፣ ድሮ ከፍ አድርጋ የምትለውን አሁን ዝቅ አድርጋ እንደምትለው፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ትንፋሽ እንደምትወስድ በራሷ እጅ እያስመሰለች አሳየችኝ። እያስመሰለች ሳለች ከዓይኔ ፊት ሰኪና ጠፍታ ከባድ ሆድ ያላት ልጅ ቆመች። ሰው በድምፅ የሚያውቀውን ይቺ ሴት በጣት ታውቃለች።

«ደህና ነኝ ብላሻለች?» አለችኝ።

«ብላኛለች።»

«ደውዪ።»

ደወልኩ። ብዙ ሞክሬ ገባልኝ። ሳጂዳ እንደ ወትሮው «እማ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ…» ስትል አቋረጥኳት። «እናትሽ እጅሽን አይታለች» አልኳት። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የደበቀችው ወዳ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህ የወሎም የትግራይም የሸዋም ወግ ነው፣ እኔም የበኩር ልጄን ልወልድ እናቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ሳጂዳ እንዳትመጣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ በዚያ ሆድ መሀል መንገድ ላይ ብትቀርስ? ብትናገር ደግሞ እናቷ ልትመጣ ትነሳለች።

«እንዳትመጣ ይንገሩልኝ፣ እትዬ። ይለምኑልኝ» አለችኝ። «በየኬላው ‘ቁም’ ይባላል። ሰው ‘ቁሚ’ ብሏት ሳትሰማ ብትሄድስ? ሌሊት ሁሉ እሱን ነው የማልመው። ከኋላዋ ይጠሯታል፣ እሷ ትሄዳለች። በአላህ አትምጣ!»

ይህን ለሰኪና እንዴት እንደነገርኳት አትጠይቁኝ። «ቁሚ» የሚለውን፣ ከኋላ መጠራቱን፣ የልጅቷን ልቅሶ፣ ሁሉንም በዚያ በተሰባበረ ምልክቴ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ሱቋ ወረደች።

ተስማማች ብዬ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ቶሎ ከዳኝ። ምክንያቱም ሰኪና የሕፃን ልብስ መስፋት ጀመረች። ከሰው ልብስ የተረፈውን ለስላሳ ጨርቅ ሁሉ ለቃቅማ ኮፍያ፣ እጀ ጠባብ፣ መጠቅለያ ሰፋች። ሰፍታ ታጥፈዋለች፣ ዘርግታ ታየዋለች፣ መልሳ ታጥፈዋለች። በማን ልትልከው ነው? በዚያ መስመር ዕቃ የሚወስድ አልነበረም። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ወገቧን የሚያሽላት፣ ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ «አንቺ ተኚ» የሚላት ማነው? ሃይደር ደግ ልጅ ነው፤ ግን ወንድ ነው፣ የእሱም ዘመዶች ሩቅ ናቸው። ሰኪና ይህን ሁሉ አንድም ቀን በእጇ አላለችውም። እኔ ነኝ ከጨርቁ ላይ የማነበው።

በየቀኑ ሰባት ሰዓት ግን ሞኒተሩ ፊት እንቀመጣለን። ያ ድምፅ አልባ ዜና አሁን ሌላ ነገር ሆነብን። ሳጂዳ እየከበደች ነው። ፊቷ ሞላ፣ ዓይኗ ሥር ጠቆረ። አንድ ቀን መሀል ላይ ዓይኗን ጨፍና ቆም አለች፤ አንድ ቃል ሁለት ቃል አለፋት። ማንም ተመልካች አላየውም። ሰኪና ከወንበሯ ተነስታ ነበር። እጇን ወደ ስክሪኑ ዘርግታ «ቁጭ በዪ፣ ቁጭ በዪ» ትላታለች። ልጅቷ በምን ትያት? እናቷን የምታሳያት ሳጥን እሷ ጋ የለችም። ያን ቀን ለሰኪና ያላለቀስኩት እንባ አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ነው። ዜናው አለቀ፤ አንባቢው ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ከንፈሩ «ደህና ዋሉ» አለ። ሳጂዳም በእጇ «ደህና ዋሉ» አለች። ወትሮ ይህን ካለች በኋላ እጆቿ ወርደው ሳጥኗ ትጠፋለች። ያን ቀን አንደኛው ወረደ፣ ሌላኛው አልወረደም። ደረቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ካሜራውን ትክ ብላ እያየች መዳፏን ወደ ታች አድርጋ ጣቶቿን ወደ ራሷ ሳበቻቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትንሹ። ምልክት ቋንቋ መማር አያስፈልገውም። ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም፣ ልጁን እንደዚያ ነው የሚጠራው።

ነይ።

ሳጥኗ ጠፋች፤ ማስታወቂያ ገባ። ሰኪና ወደ እኔ አልዞረችም፤ «ምን አለች?» የሚል ጥያቄ አልነበራትም። ተነስታ ከቁም ሳጥኗ ውስጥ ወፍራም ካፖርቷን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ዘረጋችው። ጠመኔ አነሳች።

አመሻሽ ላይ እኔ ስልኬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። በልጅቷ፣ በመንገዱ፣ «አትምጣ» እያለ ስንት ቀን በእኔ አፍ ሲዋሽ በኖረው በዚያ ስልክ። ሳጂዳ ቶሎ አነሳችው፤ ስትጠብቅ ነበር።

«አይተናል» አልኳት።

«እትዬ፣ እኔ…» አለችና ቆመች። «እንዳትመጣ ወስኜ ነበር እኮ። ወላሂ ወስኜ ነበር። እጄን ማውረድ ብቻ ነበር የቀረኝ።» ድምጿ እንደ ሕፃን ሆነ። «ፈርቻለሁ። እናቴን እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው አልፈልግም።»

እኔም እናት ነኝ፣ እኔም ልጅ ነበርኩ። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየሁ።

«ምን እያደረገች ነው?» አለችኝ ሳጂዳ።

«ካፖርቷን ዘርግታ ጀርባው ላይ በነጭ ጨርቅ ፊደል እየሰፋች ነው።»

«ምን የሚል?»

የሰኪና መርፌ ገና ወደ መጨረሻው ፊደል እየሄደ ነበር። አንብቤ እስክጨርስ ጠበቅሁ። «‘መስማት አልችልም’ የሚል» አልኳት።

ከደረቷም በኩል ልትሰፋበት እንደሆነ ነገርኳት፤ እኔም አብሬያት እንደምሄድ ነገርኳት፣ ያን ጊዜ ነው ራሴም ያወቅሁት። ሳጂዳ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ከሩቅ ይነበባል?»

ወደ ውስጥ እንደገና አየሁ። ሰኪና ጎንበስ ብላ ትሰፋለች፣ መዳፏ ካፖርቱ ላይ ነው።

«ከዚህ ይነበባል» አልኩ።

«ፊደሉን ተለቅ አድርጊው ይበሏት» አለችኝ።